ወደ ባላምባራስ ቤት የዞረው መብራት

ጠጋ ጠጋ በሉ። ፋኖሱንም ዝቅ አድርጉት፤ የምነግራችሁ ነገር ብዙ ብርሃን አይወድም።

ጊዜው ከራት በኋላ ነው። ጨረቃ የለችም። መንገዱ አሸዋ ነው፤ በአንድ በኩል ባሕር፣ በሌላው በኩል ምንም። በዚያ መንገድ አንድ ሰው ብቻውን ይሄዳል። ማን ነው? ባላምባራስ ወንድይራድ ነው፤ የባሕር ዳሩ መንደር ሹም። ጠጅ ጠጥቷል፣ ሥጋ በልቷል፣ በራሱም እጅግ ተደስቷል። በራሱ ያልተደሰተበት ቀን ነበረ እንዴ?

እሱ ይሂድ፤ እኔ ስለ መብራት ማማው ልንገራችሁ። ዱሮ ጀልባዎች በጨለማ ከባሕሩ ድንጋይ ጋር እየተላተሙ ያልቁ ነበር። የመንደሩ ሰው ተሰበሰበ። ከባሕር ነጭ ድንጋይ ቆረጠ፣ ዛጎል አቃጥሎ ኖራ አወጣ፣ ክብ ማማ ሠራ። ማዕበል እንዳይጥለው ከታች ሰፊ፣ ከላይ ጠባብ። ውስጡ እየተጠማዘዘ የሚወጣ ደረጃ። ጫፉ ላይ ትልቅ የላምባ መብራት፣ ከመብራቱ ጀርባ ደግሞ ሰው የሚያህል፣ እንደ መስታወት የተወለወለ ናስ። ናሱ ብርሃኑን ሰብስቦ ወደ ባሕር ይወረውረዋል። ልብ በሉ፤ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚወረውረው።

ባላምባራስ ሲሾም ምን አለ?

"ይሄን የሚያህል ብርሃን ለዓሣ? ወደ እኔ ቤት አዙሩት! እንግዳ ሲመጣ ደጄ ይታይ!"

ተዞረ። ሹም ሲያዝ ማን እምቢ ይላል? ግቢው በራ፣ ባሕሩ ጨለመ። የባላምባራስ አውራ ዶሮ እንኳ ሌሊቱ ቀን መስሎት መጮኹን አላቆም አለ።

ዘሃራ የምትባል ሴት ነበረች፤ የዓሣ አጥማጁ የያሲን ሚስት። አንድ ምሽት እየሮጠች ባላምባራስ ደጅ መጣች።

"ጌታዬ፣ ባሌና ሁለት ወንድሞቹ ባሕር ላይ ናቸው። ነፋስ ተነሥቷል። መብራቱን ያስዙሩልን!"

"ነገ ተመለሺ።"

"ማዕበሉ ነገን አይጠብቅም፣ ጌታዬ!"

"ነገ አልኩሽ! አሁን ሥራ ላይ ነኝ።"

ሥራው ምን ነበረ? እግሩን እያሳጠበ ነበር።

በነጋታው ዘሃራ ተመለሰች። ጀልባው ግን አልተመለሰም።

እንግዲህ ወደ መንገዱ እንሂድ። ከዚያ ወዲህ ሳምንት እንኳ አልሞላም። ባላምባራስ ከግብዣ ወደ ቤቱ ይሄዳል። የማማው ብርሃን ከጀርባው ነው፤ ጥላው ከፊቱ ይሄዳል። ጠብ... ጠብ... የሚል ሰማ። ዝናብ ነው? ሰማዩ ደረቅ ነው። ሄደ። የባሕር ሣር ሸተተው። ሄደ። ከጥላው አጠገብ ሌላ ጥላ አየ። ደግሞ ሌላ። ደግሞ ሌላ። ሰውየው አንድ፣ ጥላው አራት! ዞሮ አየ? እናንተስ ብትሆኑ ትዞሩ ነበር?

"ማ... ማነው?"

"እኛ ነን፣ ጌታዬ። ያሲንና ወንድሞቹ። መብራቱን ተከትለን መጣን። ወደቡ የት ነው?"

ምን ቢል ጥሩ ነው? አምላኩን ጠራ? ይቅርታ ለመነ? ሹም አይደል እንዴ!

"ነ... ነገ ተመለሱ!" አለ።

"እኛ ነገ የለንም፣ ጌታዬ።"

እርጥብ እጅ ክንዱን ያዘው፤ እንደ ዓሣ ሆድ የቀዘቀዘ እጅ። ወደ ማማው መለሱት። አንድ ቀን ወጥቶት የማያውቀውን ደረጃ እየዳኸ ወጣ። ናሱን ገፋ፤ አልነቃነቅ አለው። ወዲያው ከእጆቹ ጎን ሌሎች እጆች ሲገፉ ተሰማው። ናሱ እያቃሰተ ዞረ።

ጠዋት ሰው ወደ ማማው ሲወጣ ብርሃኑ ወደ ባሕር ያያል፤ ባላምባራስ ከሥሩ ተኮራምቶ ይንቀጠቀጣል። ዘሃራ እሱን አላየችውም። ናሱ ላይ የታተመውን እርጥብ መዳፍ ነው ያየችው፤ አንድ ጣት የጎደለው። የያሲንን ጣት ዱሮ ትልቅ ዓሣ ነበር የቆረጠው። መዳፏን በመዳፉ ላይ አድርጋ እስኪደርቅ ድረስ ቆመች።

ባላምባራስ በዚያው ቀን ወደ ደጋ ሸሸ። ዳነ? አብረውት የተጓዙ ነጋዴዎች እንዳወሩት፣ ጠብታ ውኃ በሌለበት በረሃ አድረው ሲነሡ፣ በእሱ መኝታ ዙሪያ ያለው አሸዋ ብቻ ርሶ ይገኝ ነበር።

በሉ፣ ተያይዛችሁ ሂዱ። ብቻውን የሚሄድ እንዳይኖር።

ቆይ... አንተ በሩ ሥር የተቀመጥከው። ዛሬ እኮ አልዘነበም። ልብስህ ምነው ራሰ?