ትልቁ ቦይ ስንት ሰዓት ይዘጋል?

ታክ ማንሱ ጭቃ ላይ የሚንሸራተትበትን ሳንቃ ከግድግዳው ላይ አወረደና ከዋና ከተማ የመጣችውን ልጅ ከእግር እስከ ራሷ ገላመጣት። ቦቲ ጫማዋ አዲስ ነው። ማንሱ የመንደራችን የሞሬናሩ አንደኛ የኦክቶፐስ አዳኝ ነው፤ ራሱ በየቀኑ ስለሚነግረን ረስተነው አናውቅም።

«ይሄን ወረቀትሽን ባሕሩ አንብቦት ያውቃል?» አላት፣ የያዘችውን የውሃ ሰዓት ሠንጠረዥ በአገጩ እያሳየ።

«እርስዎ ቢያነቡት ይበቃል ጋሼ።»

ሶል ዩንጂ ትባላለች። ሥራዋ የባሕርን ሙላትና ሽሽት መለካት ነው። ከአንድ ወር በፊት ጋማኡ ከሚባለው አለት ሥር፣ የባሕሩ ውሃ ጭቃውን አቋርጦ የሚገባበት ትልቁ ቦይ በሚጠመዘዝበት ቦታ፣ የውሃውን ከፍታ ሌት ተቀን በብዕር የሚስል መሣሪያ ተክላ ነበር። ነገ አውሎ ነፋስ ይመጣል ተባለ። ዛሬ ሄዳ ካልነቀለችው የወሩ ልፋት ገደል መግባቱ ነው፤ ባሕሩ ሲሸሽ የሚገለጠውን ጭቃ ደግሞ አታውቀውም፤ ማንሱን ይምሩኝ አለችው።

ማንሱ እሺ ያላት አዝኖላት እንዳይመስላችሁ። ሚስቱ ፒልሬ ዛጎል ለቀማ ወጥታ ያ ቦይ ከበላት ሦስት ዓመቷ ነው። «ሰባት ሰዓት ላይ ተመለሺ ብያታለሁ! ቦዩ ከሰባት ተኩል በፊት ሞልቶ አይዘጋም። ስግብግብነቷ ነው የገደላት» አለ፤ ያውም በቀብሯ ዕለት፣ በወንድሟ ፊት። እኛም ራሳችንን ነቀነቅን። አሁን ይህች ልጅ መጥታ፣ ከጎረቤት ያለው የባሕር ግድብ ከአምስት ዓመት በፊት ከተሠራ ወዲህ ውሃው ቀድሞ ይመጣል ትላለች። እሷ ልክ ከሆነች ፒልሬ ስግብግብ አልነበረችም ማለት ነው። ስለዚህ ማንሱ፣ የጨረቃዋ ቀን ያኔም ዛሬም አንድ ስለሆነ፣ ሰባት ተኩል ላይ ቦዩ ውስጥ አቁሟት ሊስቅባት ቆርጦ ነበር።

አራት ሰዓት ላይ የሚሸሸውን ውሃ ተከትለው ወጡ። አንድ ጉልበት ሳንቃው ላይ፣ ሌላው እግር ጭቃውን እየገፋ። ማንሱ ተንሸራተተ፤ ዩንጂ ተደፋች። ተነሥታ እንደገና ተደፋች።

«ዩኒቨርሲቲ ይሄን አላስተማሩሽም?»

ዩንጂ ጭቃ ተፋችና ገፋች።

እስከ አለቱ ያለውን አምስት ኪሎ ሜትር ሳያጋምሱ ጭጋግ ወረደባቸው። የመንገድ ምልክት የሆኑት እንጨቶች የሉም፤ የማዶ መንደር ሌቦች ለመረባቸው ነቅለው ወስደዋቸዋል፤ እነሱ የሰው ነፍስ ከመረብ አይበልጥባቸውም። ማንሱ ጎንበስ ብሎ፣ ውሃው ሲሸሽ ጭቃው ላይ የተወውን ሸንተረር በመዳፉ ዳበሰና «በዚህ» አለ። እውነቱን ለመናገር፣ ሰውየው ጭቃውን ያውቃል። ባያውቅ ኖሮ እንደዚያ አይኮራም ነበር፤ እኛም አናምነውም ነበር።

ስድስት ሰዓት ከሩብ ላይ አለቱ ጋ ደረሱ። ዩንጂ የመሣሪያውን ክዳን ፈትታ የወረቀቱን ጥቅል ዘረጋችና መስመሩን በጣቷ ተከተለች። ፊቷ ተለዋወጠ።

«ጋሼ፣ አሁኑኑ እንሂድ። ወደ መንደር የምንመለስበት የቦዩ መሻገሪያ ዛሬ ሰባት ሰዓት ሳይሞላ ይዘጋል።»

ማንሱ አለቱ ላይ ተደላድሎ ተቀመጠና በባሕር ቅጠል የተጠቀለለ ሩዙን ፈታ።

«ከአያቶቼ ጀምሮ የጨረቃዋን ቀን በጣታችን እየቆጠርን የውሃውን ሰዓት ስናውቅ ኖረናል። ቁጭ በይና ብዪ።»

ዩንጂ ጥቅሉን ውሃ የማያስገባው የመሣሪያው ሆድ ውስጥ መልሳ ክዳኑን አጠበቀች። መሣሪያውን ነቅላ ሳንቃዋ ላይ አሰረችና ጭጋጉ ውስጥ ገባች። ያውም በተሳሳተ አቅጣጫ!

«የት አባሽ ነው የምትሄጂው? ወደ ግራ! ኧረ ወደ ግራ በይ!»

የመንግሥት ሠራተኛ ብትሞት የሚጠየቀው እሱ ነው። ሩዙን ጉንጩ ውስጥ እንደያዘ እየተራገመ ተከተላት።

የትልቁ ቦይ መሻገሪያ ጋ ሲደርሱ ሰባት ሊሆን አሥር ደቂቃ ቀርቶታል። ውሃው ወገብ ደርሷል። ከባሕሩ በኩል ቢሆን ደግ ነበር፤ የሚመጣው ግን ከጎናቸው፣ ከግድቡ በኩል ነው፣ ያውም እየጋለበ። ማንሱ የእጅ ሰዓቱን አየ። አራገፈውና ጆሮው ላይ አስጠጋው።

«ሰዓትዎ ደህና ነው» አለች ዩንጂ። «ሳንቃው ላይ በደረትዎ ይተኙ!»

ሰውየው ደርቆ ቀረ።

«ጋሼ! አይሰሙም?»

ሳንቃው ላይ ገፍትራ ውሃው ውስጥ አስገባችው። ወራጁ ሁለቱንም ነጥቆ ወሰዳቸው። የማንሱ ሳንቃ ከሥሩ አፈተለከና ጭጋጉ ዋጠው፤ ያ ሁሉ የጭቃ ጀግና ውሃ እየጠጣ እጁን አወናጨፈ። ዩንጂ የቀበቶውን ማሰሪያ ጨምድዳ ያዘች። በአንድ እጇ እሱን፣ በሌላው ሳንቃዋን እንደያዘች በእግሯ ቀዘፈች። ሁለት መቶ እርምጃ ያህል ቁልቁል ከተወሰዱ በኋላ ጉልበቷ ጭቃ ነካ። ጎትታ አወጣችው።

«ይራመዱ። ውሃው አይጠብቀንም።»

እስከ መንደር ድረስ ስድብ ከአፉ አልወጣም፤ በሕይወቱ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

ዛጎል የምንፈለፍልበት መጠለያ ሲደርሱ ሻይ ሰጠናቸው። ማንሱ አልተቀበለም።

«ስሌትሽ ወደ ኋላም ይሠራል?» አላት። «ያለፈ ቀን ያወጣል?»

«ያወጣል። ጨረቃ ያው ጨረቃ ናት። የትኛው ቀን?»

«የዛሬ ሦስት ዓመት። ስምንተኛው ወር፣ ጨረቃ በወጣች በአሥራ ሰባተኛው ቀን።»

ቀኑን ሁላችንም እናውቀዋለን። ዩንጂም የገባት ይመስለኛል፤ ጥቅሉን ዘርግታ፣ መጠለያው ትታው ከነበረው ቦርሳ የሒሳብ ማሽኗን አውጥታ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ቀና ሳትል ሠራች። ከዚያ ቀና አለች።

«ስድስት ከአርባ ላይ ተዘግቷል። አምስት ደቂቃ ወዲህ ወይም ወዲያ ቢል ነው።»

ከለቃሚዎቹ ሁሉ በዕድሜ የምትበልጠው ቦክጁ ቢላዋዋን አስቀመጠች።

«ያን ቀን ውሃው አላማረንም፣ እንሂድ አልናት» አለች። «‹ባለቤቴ እስከ ሰባት ብሏል፤ እሱ አይሳሳትም› ብላ ቀረች።»

«እትዬ ቦክጁ… ለምን አልነገርሽኝም?»

«ትሰማኝ ነበር?»

ያን ቀን እኔም ከለቃሚዎቹ ጋር ነበርኩ፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ስግብግቧ እያልኩ ስሟን ያነሣሁት እኔም ነኝ። ማንሱ ዩንጂን ሰዓቱን በትልቁ እንድትጽፍለት ለመናት። አዎ፣ ለመናት። ወረቀቱን አጣጥፎ ኮፍያው ውስጥ ከተተና፣ ጭቃውን ሳይታጠብ፣ ወደ ፒልሬ ወንድም መንደር የሚወስደውን መንገድ ያዘ።

በእግር ሁለት ሰዓት ያስኬዳል። ማናችንም አብረንህ እንሂድ አላልነውም።