ከኋላ ወንበር የነበረችው

ማሱማ ባራትን ያየችው ከስንት ጊዜ በኋላ፣ ያውም አውስትራሊያ፣ ሜልበርን ፍርድ ቤት ውስጥ በሁለት ጠባቂዎች መሀል ተቀምጦ። ከስቷል። ጃኬቱ የሌላ ሰው ይመስላል። ቀና ብሎ አያትና ወዲያው ዓይኑን ሰበረ። እሷ ግን አልሰበረችም።

ከጎኗ አባቷ ሐጂ ኑሩዝ አሉ፣ ዳንዴኖንግ ሰፈር ዳቦ ቤት ያላቸው። «የአገራችን ልጅ ነው፣ ሰው የለውም ይበሉ እንዴ?» ብለው ነው የመጡት። ልጃቸው ለምን እንደመጣች የሚያውቁት ነገር የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባራት አፍጋኒስታን እያለ ከጃጎሪ ወደ ጋዝኒ ከተማ ሰው የሚጭን መኪና ይነዳ ነበር። ማሱማ ደግሞ አስተማሪ ነበረች። ታጣቂዎች ትምህርት ቤቷን ያቃጠሉ ቀን ሹፌሩ ሁሉ አልጭንም ሲል ባራት ከኋላ ወንበር፣ ዱቄት ጆንያ ስር ደብቆ አወጣት። ኬላው ላይ ሊፈትሹ ሲሉ ነዳጁን ረግጦ አመለጠ። መንገዱን ሙሉ የምትሰማው ድምፁን ብቻ ነው። «አለሽ?» ይላታል። «አለሁ» ትለዋለች። እንግዲህ ፍቅሩ የጀመረው እዚያ ጆንያ ስር ነው።

ታጣቂዎቹ ታርጋውን ይዘው ቤቱ ድረስ መጡበት። በጀልባ ተሰደደ። እሷን ቀድመው አውስትራሊያ የገቡት አባቷ በአውሮፕላን አስመጧት። «ማን አወጣሽ?» ሲሏት «አጎቴ» አለች። ከባዕድ ወንድ ጋር ብቻዋን መኪና ውስጥ ነበርኩ የምትል የሀዛራ ብሔር ልጅ የለችም።

ባራት የጥገኝነት ቪዛ ጠይቆ ተከለከለ። ይግባኝ ሰሚዎቹም «መኪናህ ውስጥ ማን ነበር?» ብለው ጠየቁት።

«ተሳፋሪ።»

«ስሙ ማን ይባላል? ወንድ ነው ሴት?»

ዝም። ደጋግመው ጠየቁት፣ ዝም። አስተርጓሚው አርብ አርብ ከሐጂ ጋር አንድ መስጊድ የሚሰግድ ሰው ነው። ያላገባች ሴት ስም እንዲህ ያለ ሰው ፊት እንዴት ይጠራል? እነሱም «የፈጠራ ታሪክ ነው» ብለው ዘጉት።

ማሱማ ይሄን የሰማችው ባለፈው ሳምንት ከባራት ጠበቃ ነው፤ እሱ የማሱማን ስም የነገረው ለዚህች ሴት ብቻ ነው። «እመሰክራለሁ» አለቻት።

ጠበቃዋ ራሷን ነቀነቀች። «ፍርድ ቤቱ እውነት ነው ውሸት ነው አይልም፣ ማሱማ። የሚያየው ሰሚዎቹ ሕግ ጥሰው እንደሆነ ብቻ ነው። አንቺን አይሰማሽም።»

እንዳለችውም ሆነ። ጠበቃዋ ስለ ወጋቸው፣ ስለ ሴት ስም አስረዳች። ዳኛው አዳምጠው «ለምን ዝም እንዳለ ለሰሚዎቹ ነግሯቸዋል?» አሉ።

«አልነገራቸውም።»

«ታዲያ ያልነገራቸውን ከየት ያምጡት?»

ማሱማ ብድግ አለች። «እኔ ነኝ! ከኋላ የነበርኩት እኔ ነኝ!»

ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁ። ክፉ ሰው አልነበሩም። «እህቴ፣ አዝናለሁ። ይሄንን እዚህ መስማት አልችልም» አሉ። ትንሽ ቆይተው አቤቱታውን ውድቅ አደረጉት።

ጠባቂዎቹ ኮሪደሩ ላይ ትንሽ ጊዜ ሰጧቸው።

«ማን ተነሺ አለሽ?» አላት ባራት።

«አንተንስ ማን ዝም በል አለህ?»

«ለአንቺ ብዬ ነዋ።»

«ጠየቅከኝ? ስሙ የኔ አይደል? ብትነግረኝ ጣሪያ ላይ ወጥቼ እጮህልህ ነበር!»

«አንቺማ ትጮሂያለሽ» አለ፣ ፈገግ ለማለት እየሞከረ። «ዳኛውን እንኳ መነጽር አስወለቅሻቸው።»

ሐጂ ቀስ ብለው መጡ። ፊታቸው ዱቄት መስሏል። «ልጄን በሕይወት ያወጣህልኝ አንተ ነህ?»

«ይቅር ይበሉኝ ሐጂ።»

«የምን ይቅርታ! ለምን አልነገርከኝም?»

«ምን ይሉኝ ይሆን ብዬ ፈራሁ።»

ያኔ ምን ይሉ እንደነበር እሳቸውም ያውቁታል። እጃቸውን ትከሻው ላይ ጣል አደረጉና «ልጄን ሰጥቼሃለሁ። ኒካህ ይታሰር» አሉ።

ጠባቂው «በቃ» አለና ክንዱን ይዞ ወሰደው።

«ዛሬ ነው የምትሰጠኝ፣ አባዬ?» አለች ማሱማ። «ዛሬ?»

ኒካሁ በማግስቱ በስልክ ታሰረ፣ እሱ ከታሰረበት፣ እሷ ከዳቦ ቤቱ ጓዳ። ሼኩ «ትቀበዪዋለሽ?» ሲሏት እንደ ወጉ ሦስቴ እስኪጠይቋት አልጠበቀችም። መስመሩ እንዳይቆረጥ ፈርታ ወዲያው «አዎ» አለች።

ሳምንት ሳይሞላ ባራትን ወደ አፍጋኒስታን መልሰው አሳፈሩት። የእጇ ሂና ገና አልለቀቀም። ዳቦ ሊገዛ የመጣ ሁሉ ያየውና «እንኳን ደስ አለሽ! ሙሽራው የታለ?» ይላታል።

«መንገድ ላይ ነው» ትላለች፣ ዳቦውን በወረቀት እየጠቀለለች።