በአረሙ ባሕር ላይ የዘገየው መርዶ

በ፲፱፻፺፰ ዓመተ ምሕረት፣ የፍልሰታ ጾም በተፈታ ሰሞን፣ ከለንደን ወደ ደቡብ ጠረፍ የሚወርደው የቅዳሜ ማለዳ ባቡር ሁለት ኢትዮጵያውያንን አሳፍሮ ይጓዝ ነበር። አንደኛው ሌተና ደግፌ መኩሪያ ናቸው፤ በቀድሞው ባሕር ኃይል ምፅዋ ላይ ያገለገሉ፤ ወደቡ ከተያዘ በኋላ በየመን በኩል እንግሊዝ ገብተው በብሪክስተን አውቶቡስ የሚነዱ። ማዕረጉን የሰጣቸው መንግሥትም ባሕሩም ከእጃቸው ወጥቷል፤ ማዕረጉ ግን በአበሻው ዘንድ ከስማቸው አልተለየም። ሁለተኛው ኃይለመለኮት እንግዳወርቅ ይባላል፤ በዘጠና ሰባቱ ምርጫ የተቃዋሚዎች ታዛቢ የነበረ መምህር፤ ታላቅ ወንድሙ ሳዶቅ ሲታሰር እርሱ አምልጦ የወጣ። ሌተና በዚያ ክረምት ሐሳቡን ያራግፍ ብለው በካያክ፣ አንድ ሰው ብቻ በምትይዝ ጠባብ ጀልባ፣ ዓሣ ማጥመድ ያስተምሩት ጀምረው ነበር።

በዚያ ቀን ግን ሌተና የሚያውቁትን ኃይለመለኮት አያውቅም ነበር። ሳዶቅ በእስር ቤት ታሞ ሞቷል። ወሬው ሐሙስ ዕለት የለንደኑ አበሻ እንደ እናት ለሚያያቸው ለባልቴቷ ወይዘሮ አልታየሽ ደረሰ፤ እርሳቸውም ኤሌፋንት ኤንድ ካስል ባለው ቤታቸው ሽማግሌዎቹን ጠሩ። ልጁ ማክሰኞ ክሮይደን ባለው የስደተኞች ቢሮ ቀርቦ ለጥገኝነቱ ቃሉን ሊሰጥ ቀጠሮ ነበረው።

«ልቡ ተሰብሮ እነሱ ፊት ምን ሊናገር ነው? ኢንተርቪውን ይጨርስ፤ ሐሙስ ማለዳ እናረዳዋለን» አሉ ወይዘሮ አልታየሽ። «እስከዚያ ስልክ እንዳያገኘው ሌተና እርስዎ ይያዙልን።»

ማንም አልተቃወመም። መርዶ ሰው ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ በሽማግሌ አፍ ይነገራል እንጂ እንደ ተራ ወሬ አይወረወርም፤ አገር ቢለቁም ወግ አይለቅም።

ባሕሩ ዳር ሲደርሱ ሰማዩ ዝቅ ብሎ፣ ውኃው ጠቁሮ ጠበቃቸው። ከነጩ ገደል ግርጌ ጥቂት ቀዝፈው ሲርቁ፣ ከበታቻቸው ከሰው ቁመት የሚበልጥ ቡናማ የባሕር አረም ጫካ ሆኖ ቆሟል፤ ጫፉ ብቻ ውኃው ላይ ተኝቶ ይወዛወዛል።

«መልህቅ አትጣል፤ ይዞብህ ይቀራል» አሉ ሌተና። «አረሙን ራሱን ሳብና ካያኩ ላይ ጠምጥመው፤ እሱ ያቆምሃል። ክሩን በክፍተቱ ቀጥ አድርገህ ልቀቅ። ዓሣው ሲይዝ ወዲያው ወደ ላይ! ፋታ ከሰጠኸው አረሙ ሥር ይገባና አታገኘውም።»

ክሩ ተጠላለፈና ሌተና ከራሳቸው ካያክ ሴንጢ አቀበሉት። ኃይለመለኮት በቤቱ እንዳሳደጉት መቅዘፊያውን ለቀቀ፤ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ በሁለት እጁ ሊቀበል ተንጠራራ፤ ካያኩ ተገለበጠና ባሕሩ ውስጥ ገባ።

«እዚህ ይሉኝታ የለም!» ሲሉ ጮኹ ሌተና፣ በላይፍ ጃኬቱ ትከሻ እየጎተቱት። «ባሕር ትሕትናህን አያይልህም! በአንድ እጅህ ተቀበል፣ ቁጭ ብለህ!»

ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ ልጁ እየተንቀጠቀጠ ውኃውን አየና እንዲህ አለ፦

«ሌተና፣ የማክሰኞው ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል። ከምርጫው በኋላ ፖሊስ የሚፈልጋቸውን ልጆች ቤቱ የደበቀው ሳዶቅ ነው፤ እኔ ድንበር አሻገርኳቸው። ጠበቃዬ ‹የደበቃቸውን ሰው ስም ካልጠራህ ታሪክህ ጎደሎ ነው፤ አያምኑህም› ብላኛለች። እኔ ግን አልጠራውም። ወንድሜ በእጃቸው ነው፤ ከዚህ የወጣ ቃል እዚያ ቢደርስ ይገድሉታል።»

ሌተና ክራቸውን መጠቅለል ጀመሩ። ነገሩ ምላሳቸው ጫፍ ደርሶ ነበር። ነገር ግን ገና ከባሕር የወጣን ሰው በዚያች ጠባብ ጀልባ ላይ ማርዳት አስፈራቸው፤ የብስ ላይ ሲወጡ ደግሞ ብቻቸውን የሽማግሌዎቹን ቃል ማፍረስ ከበዳቸው። ምስኪኑ ሌተና! የመድፍ ጀልባ ያዘዙ ሰው የአንዲት ባልቴት ቁጣ ፈሩ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወይዘሮ አልታየሽን ለብቻ ያዟቸው። «እንንገረው፤ የሳዶቅን ስም አልጠራም ብሏል፤ የሞተን ሰው ለማዳን ብሎ ጉዳዩን ሊያበላሽ ነው» አሏቸው።

ወይዘሮ አልታየሽ አለቀሱ። «ሌተና፣ ልጁ የተገፋ ነው፤ አሁን ከነገርነው ጨርሶ ይወድቃል። እግዜር ያውቅለታል» አሉ። ሌተናም እሺ ብለው ተመለሱ።

ማክሰኞ ኃይለመለኮት የወንድሙን ስም ሳይጠራ ቃሉን ሰጠ። ሐሙስ ማለዳ መርዶውን ተረዳ። መሬት ለመሬት ተንከባልሎ አለቀሰ፤ ሲደክመው ቀና አለና ሌተናን ብቻ ለይቶ አያቸው።

«ቅዳሜ ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር፣ ልጄ።»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ታሪኩ ጎደሎ ነው ብለው ማመልከቻውን ሪጄክት አደረጉት። ይግባኝ ሲል አሁን ሁሉን ተናገረ፤ ሌተናም ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ መርዶውን የደበቅነው እኛ ነን ብለው መሰከሩ። ዳኛው በአስተርጓሚ ጠየቁት፦

«የሚወዱህ ሰዎች ሁሉ ወንድምህ መሞቱን ያውቁ ነበር፤ ላንተ ብቻ አልነገሩህም ነው የምትለው?»

«አዎ።»

«ለምን?»

«ስለሚወዱኝ።»

ዳኛው ይህ ሊታመን የማይችል ነው ብለው ፈረዱ። በሚቀጥለው ክረምት፣ አበሻው ለሚሌኒየሙ በዓል ሽር ጉድ ሲል፣ ኃይለመለኮት በአውሮፕላን ተጭኖ በግድ ወደ አገሩ ተመለሰ፤ ከአየር ማረፊያው ወዲያ የደረሰበትን የሰማ የለም። ሌተና ካያኮቹን ሸጡ፤ ወደ ባሕሩ ሲወርዱም ዳግመኛ አልታዩም።

ስለዚያ ምርጫ ብዙ ተጽፏል፤ የድምፁ ቁጥር፣ የታሰሩት፣ በየአደባባዩ የወደቁት ተመዝግበዋል፤ የሳዶቅም ስም በአንድ ጥግ ይገኛል። ኃይለመለኮት ግን በማንም መዝገብ አልገባም፤ ታሪክ ጠላት የገደላቸውን ይቆጥራል እንጂ ወዳጅ የሳሳላቸውን አይቆጥርምና።