ሰባተኛው ሚስማር

ያንጂ ቁም ሳጥኑን የከፈተችው አንድ እንግዳ ረስቶት የሄደውን ጓንት ልታስቀምጥ ነበር። ሰባተኛው ሚስማር ላይ ጥቁር የበረዶ መነጽር በላስቲኩ ተንጠልጥሎ አየች። ጓንቱን አስቀምጣ በሩን ዘጋች፤ ሁለት እርምጃ እንደሄደች ግን እግሯ ቆመ። ሰባተኛው ሚስማር ዛሬ ባዶ መሆን ነበረበት።

ቁም ሳጥኑ ማረፊያ ቤቱን የምታስተዳድረው የእናቷ የካንዱ ነው። ከተራራው ሥር ባለው በዚህ የሼርፓ ሕዝብ መንደር ያሉት ማረፊያ ቤቶች ሁሉ ተራራ ሊወጣ ለሚመጣው እንግዳ ብርድ ልብስ ይደራርባሉ፤ የእንግዳውን ሻንጣ በግንባሩ ማንገቻ ተሸክሞ ለሚወጣው ሰው ግን ብዙም የሚጨነቅ የለም። ካንዱ ትጨነቃለች። ታናሽ ወንድሟ ሸክም ይዞ የተራራውን ማለፊያ ሲሻገር ብርድ አራት የእግር ጣቶቹን ከቆረጠበት ዓመት ጀምሮ እንግዶች ጥለውት የሚሄዱትን ካፖርት፣ ጓንትና መነጽር ሰበሰበች። አሥራ ሁለት ሚስማር መታች፤ በየሚስማሩም አንዳንድ ከረጢት ሰቀለች። ከተሸካሚዎቹ ማንበብ የማይችሉ ስላሉ፣ በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ ቁጥሩን በቀይ ክር ቋጠረችበት። ሦስት ቋጠሮ የሦስተኛው ሚስማር ነው፣ ሰባት ቋጠሮ የሰባተኛው። ተሸካሚው ማታ ከረጢቱን ይወስዳል፣ ሲመለስ ያስረክባል። ያንጂ አሥራ አምስት ዓመት የሞላት ዕለት እናቷ የቁም ሳጥኑን ቁልፍ በክር አድርጋ አንገቷ ላይ አጠለቀችላት። ሌላ ስጦታ አልነበረም፤ ያንጂም ሌላ አላማራትም።

የሰባት ቁጥርን ከረጢት ትናንት ማታ ለሀርካ የሰጠችው እሷ ናት። ሀርካ ከታች፣ በረዶን ከሩቅ ብቻ ከሚያዩበት አገር የመጣ ተሸካሚ ነው። ከረጢቱን ሁሉንም አሟልታ አዘጋጅታው ነበር። ከዚያ የጎረቤታቸው ልጅ ዳኪ ስልኳን ይዛ መጣችና መነጽሩን አድርጋ ቪዲዮ እንድትነሳ ወተወተቻት። ያንጂ መነጽሩን አውጥታ አጠለቀች፤ ወገቧን ይዛ እንደ ተራራ ወጪ ተጎማለለች፤ ሳቁ። እናቷ ከወጥ ቤት ስትጠራት እጇ በልማድ መነጽሩን ከከረጢቱ ይልቅ ሚስማሩ ላይ ሰቀለው። ከረጢቱን አሰረችና ለሀርካ ሰጠችው። እናቷ ሞላሽው ወይ ብላ ጠየቀቻት። ሞላሁት አለች።

አሁን ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ሀርካና ቡድኑ የወጡት ሌሊት በአሥር ሰዓት ነበር።

በመስኮት አየች። ተራራው ከወገቡ በላይ በደመና ተሸፍኗል። ፀሐይ ከሌለ የበረዶው ነጸብራቅ ዓይኑን እንዴት ያቃጥለዋል? አለች በልቧ። እናቷ ግን መነጽር በሰጠች ቁጥር የምትለው አንድ ነገር ነበር፤ በአዲስ በረዶ ላይ ደመና ከፀሐይ ይብሳል፣ ሰውን አዘናግቶ ነው ዓይኑን የሚበላው። ያንጂ ይህን አልረሳችውም። ገፋ አደረገችው እንጂ።

በመመገቢያው ክፍል የሌላ ቡድን አስጎብኚ የጫማውን ክር እያሰረ ነበር። የሚሄደው በዚያው መንገድ ነው። «ይቺን ለሀርካ ስጥልኝ» ማለት ብቻ ይበቃ ነበር። ነገር ግን እናቷ አጠገቡ ቆማ የጨው ሻይ እየቀዳችለት ነው። ትሰማለች፤ ትጠይቃለች፤ ከዚያ እጇን ዘርግታ ቁልፉን ትቀበላታለች። ያንጂ ቆማ ጠበቀች። ሰውየው ሻዩን ጨልጦ፣ ዱላውን አንስቶ ወጣ። በመስኮቱ ጃኬቱ ከድንጋይ አጥሩ ጀርባ እስኪሰወር ድረስ አየችው። ከዚያ መነጽሩን ከሚስማሩ አውርዳ ፍራሿ ሥር ወሸቀችው።

ካንዱ ቀኑን ሙሉ ከመስኮቱ አልራቀችም። ደመናው አላማራትም፣ የቁራዎቹ ጩኸት አላማራትም፣ ያክ የሚባሉት ጠጉራም የተራራ ከብቶች ቶሎ መመለሳቸውም አላማራትም። «የፈሩት ይደርሳል» እያለች ምድጃው ውስጥ ኩበት ትጨምር ነበር። ያንጂ ሌላ ጊዜ ቢሆን በዚህ ትስቅባት ነበር።

በዘጠኝ ሰዓት ቡድኑ ሳይሻገር ተመለሰ። ከማለፊያው ወዲያ ያለው በረዶ እስከ ጭን ስለሚደርስ የቡድኑ አስጎብኚ ጊያልጄን መልሷቸዋል። መጀመሪያ እንግዶቹ ባልና ሚስት ገቡ፤ ከዚያ ሦስቱ ተሸካሚዎች። መጨረሻ ሀርካ መጣ። የፊተኛውን ሰው ቅርጫት በአንድ እጁ ይዞ፣ እንደሚጎተት በሬ አንገቱን ደፍቶ ነበር የሚራመደው። የአንገት ልብሱን ቀዶ ዓይኑ ላይ ጠምጥሟል፤ ጉልበቱ ደም ነው። ቁልቁለቱ ላይ ሁለት ጊዜ ወድቋል።

ካንዱ ልብሱን ስትፈታው ዓይኖቹ እንደ በርበሬ ቀልተው፣ እንባው ያለማቋረጥ ይወርድ ነበር። ወዲያው ስልኳን አንስታ የጤና ኬላውን ነርስ ጠየቀች፤ በጨለማ ይረፍ፣ ሁለት ሦስት ቀን ሳይከፍት ከቆየ ይድናል ተባለች። እሷ ግን «ባይድንስ?» ብላ ሦስት ጊዜ ደጋግማ ጠየቀች።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ያንጂ ምናልባት መተኛት ትችል ነበር። ጊያልጄን ግን ወጥ ቤት ገብቶ፣ እጁን እሳት ላይ እያሟሟቀ ነገር ጀመረ።

«አንቺ ደግ ነሽ ዲዲ» አላት ካንዱን፤ እዚያ አገር ታላቅ እህትን የሚጠሩት እንዲህ ነው። «ግን ዕቃሽን ለማን እንደምትሰጪ እወቂ። ማታ ካርታ ሲጫወቱ ነበር። መነጽሩን አስይዞ ተበልቶበታል።»

«ምናልባት ከረጢቱ ውስጥ አልነበረም ይሆናል» አለች ካንዱ።

«ማነው የሞላው?»

«ያንጂ ናታ። የኔ ልጅ ሞላሁ ካለች ሞልታለች።»

ያንጂ ጀርባዋን ሰጥታቸው ድንች ትልጥ ነበር። ቢላዋው እጇ ውስጥ ቆመ። መናገር የነበረባት ያኔ ነው፤ እሷ ግን ቀጣዩን ድንች አነሳች። ጊያልጄን ከነገ ወዲያ ሌላ ተሸካሚ ይዞ እንደሚወጣ፣ ቁማርተኛ ከእንግዳ ሻንጣ ጋር እንደማይሰድ፣ ይህንንም ለሌሎቹ አስጎብኚዎች እንደሚነግራቸው ተናገረ። በዚያ ሸለቆ አስጎብኚ የተናገረው ወሬ ከሰው ቀድሞ ነው ታች የሚደርሰው። ስሙ የጠፋ ተሸካሚን የሚጠራው የለም።

እናቷ የተፈቀፈቀ ጥሬ ድንች ለሀርካ ወስዳ ዓይኑ ላይ እንድታደርግለት ላከቻት። ቃጠሎውን ያበርዳል። የተሸካሚዎቹ ክፍል ከግቢው ማዶ ነው። ሀርካ አግዳሚው ላይ በጀርባው ተኝቶ ነበር። ድንቹን በጨርቅ ጠቅልላ ስታስቀምጥለት ደንገጥ አለ።

«እናንተ ሼርፓዎች ያለ ድንች አትኖሩም» አለ። «አሁን ደግሞ ዓይኔን ልትቀቅሉት ነው?»

ሌሎቹ ሳቁ። ያንጂ አልሳቀችም፤ የጨርቁን ጫፍ አስተካከለች። ሰዎቹ ውኃ ሊቀዱ ሲወጡ ሀርካ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እህት ዓለም፣ ለእናትሽ ይቅርታ አድርጊልኝ በይልኝ። ካርታ ተጫውቻለሁ፣ አልዋሽም። ሁለት ብርጭቆ የሩዝ ጠላም ጠጥቻለሁ። መነጽሩን ማስያዜ ግን ትዝ አይለኝም። ቀኑን ሙሉ ሳስበው ዋልኩ። ሰው ያደረገውን ሊረሳ ይችላል እንዴ? ምናልባት አድርጌው ይሆናል።»

ያንጂ ጨርቁን እንደገና አስተካከለችና ወጣች። ግቢው መሐል ደርሳ ብርዱ ውስጥ ቆመች። ሰውየው ያላደረገውን ሊያምን ነው።

ዳኪ አጥሩ ጋ ጠብቃ ያዘቻት። ነገሩን ሰምታለች። ቪዲዮውን ከስልኳ አጥፍቻለሁ አለች፣ ውለታ እንደዋለች ሁሉ።

«አታካብጂ ባክሽ» አለቻት። «ዓይኑ ይድናል ተብሏል። እሱ ራሱ ጥፋቱ የኔ ነው እያለ አንቺ ምን ቤት ነሽ?»

የሚያስፈራው ነገር ዳኪ ያለችው ሁሉ እውነት መሆኑ ነበር። ማንም አያውቅም። ዝም ካለች ማንም አያውቅም።

ራት ተበላ። ያንጂ ሰሃኗን ሳትነካው መለሰች። እንግዶቹ ወደየክፍላቸው ገቡ። ካንዱ እንደ ልማዷ ወደ ትልቁ የእንጨት በር ሄደች። መቀርቀሪያውን ከመወርወሯ በፊት ሁልጊዜ ወደ ግቢው አንገቷን አውጥታ የምትጠይቀው ጥያቄ አላት፤ ክረምት ከበጋ፣ ሰው ኖረ አልኖረ ሳትጠይቅ ዘግታ አታውቅም።

«ውጭ የቀረ ሰው አለ?»

«አማ፣ አትቆልፊው» አለች ያንጂ ከኋላዋ። «ልወጣ ነው።»

«በዚህ ብርድ? ምን ሆነሻል? አመመሽ?»

ያንጂ እጇን ከካፖርቷ ሥር አወጣች። ካንዱ መነጽሩን አየች፤ ከዚያ ቀዩን ክር። ፊቷ ላይ የነበረው ጭንቀት ወዴት እንደሄደ አልታወቀም፤ የቀረው ነገር ከጭንቀቱ የባሰ ነበር። ከበሩ ዘወር አለችላት።

በተሸካሚዎቹ ክፍል ምድጃውን ከበው ተቀምጠዋል። ካርታ የያዘ የለም። ጊያልጄን መሐላቸው ሆኖ ስለ ከነገ ወዲያው ሸክም እየተናገረ ነበር። ያንጂ ማንንም ሳታይ አልፋ ሀርካ ፊት ተንበረከከችና መነጽሩን መዳፉ ላይ አስቀመጠችው።

ሀርካ ዓይኑ እንደታሰረ ላስቲኩን ዳሰሰ። አውራ ጣቱ ክሩ ላይ ደረሰ። ቀስ ብሎ ቆጠረ።

«... አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት።» ቀና አለ። «የት ተገኘ?»

«አልጠፋም ነበር ሀርካ ዳይ» አለችው፣ ታላቅ ወንድም በሚጠራበት ቃል። «አውጥቼ ስጫወትበት ነበር፤ ከረጢቱ ውስጥ አልመለስኩትም። ጠዋት ሚስማሩ ላይ አየሁት። ሰው ልልክልህ እችል ነበር። ደበቅሁት።» ይህን ስትል ወደ ጊያልጄን ዞረች፤ መስማት ያለበት እሱ ነበርና።

ጊያልጄን ወደ ሻይ ኩባያው ውስጥ ያያል። ሀርካ ቋጠሮዎቹን እንደገና ቆጠረ።

«እንግዲህ አላደረግሁትም» አለ ለራሱ።

ምንም አይደለም አላላትም። ያንጂም አልጠበቀችም። ጊያልጄን ኩባያውን አስቀምጦ እንግዶቹ ነገም እንደሚያርፉ፣ የሸክሙን ነገር ከዚያ በኋላ እንደሚያዩት ለማንም ሳይሆን ተናገረ። ከዚያ ግን ዓይኑን ከመሬቱ ሳያነሳ «አጥፍቻለሁ ሀርካ» አለ።

ያንጂ በሩ ጋ ስትደርስ የሀርካ ድምፅ ተከተላት።

«ነገ ጠዋት ድንቹን የሚፈቀፍቀው ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«አልመሽ ፈቅፍቂው። የዛሬው እንጨት ነው።»

እናቷ በሩ ላይ እንደቆመች ነበር፤ ብርዱ ቤቱን ሞልቶታል። ያንጂ ክሩን ከአንገቷ አውጥታ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ፣ በሁለታቸው መካከል አስቀመጠችው። ካንዱ አየችው። አላነሳችውም፤ መልሳም አልሰጠቻትም። ጠዋት ያ አስጎብኚ ሻይ ሲጠጣ አጠገባችን የቆምሽው መነጽሩ መቅረቱን አውቀሽ ነበር አይደል ብላ ብቻ ጠየቀቻት። ያንጂ አዎ ብላ ራሷን ነቀነቀች።

ካንዱ ወደ በሩ ዞረች።

«ውጭ የቀረ ሰው አለ?»

«የለም አማ።»

መቀርቀሪያው ገባ።