ስልኳ ውስጥ ያሉት ሰዎች

መምህሯ የኮሌጁ ደረጃ ግርጌ አንገቷ ተሰብሮ ተገኘች። መርማሪው ሲደርስ ፎቅ ላይ ያሉት ሦስት ሰዎች፣ የኮሌጁ ዲን፣ ባሏና ረዳቷ፣ የቢሮውን በር ቆልፈው ጠረጴዛ አስደግፈውበታል።

«ማነው?» አለ ዲኑ ከውስጥ።

«ፖሊስ ነኝ፤ ክፈቱ።»

ቢፈሩ ማን ይፈርድባቸዋል! ሟቿ ስለ ሕፃናት ክትባት ያጠናችው ጥናት ከታተመ ወዲህ፣ በመልክ የማታውቃቸው ሰዎች በስልኳ እየገቡ ሲሰድቧትና ሲዝቱባት ከርመዋል።

«ባሏ መጥቶ ካላንኳኳ ከቢሮ አትወጣም ነበር» አለ ዲኑ። «ለእኔ እንኳ አትከፍትም።»

«ራሷን ነው የጣለችው» አለ ባሏ። «ትናንት ማታ አንድ የዛቻ መልእክት እያነበበች ታለቅስ ነበር። ‹የደረጃውን መብራት አጥፍቼ እጠብቅሻለሁ› ይላል። ሥራው ይቅርብሽ ብዬ ስንቴ ለመንኳት! ዛሬ ልወስዳት ስመጣ ወድቃ አገኘኋት።»

ይህን ስትሰማ የሟቿ ረዳት፣ ገና ማስተማር የጀመረችው ልጅ፣ ፊቷ አመድ መሰለ። መርማሪው ወደ ኮሪደሩ ይዟት ወጣ።

«ምን ሆንሽ እህቴ?»

«እኔ ነኝ የገደልኳት!» አለች። «መልእክቶቿን የማነበው እኔ ነኝ። ክፉ ክፉውን አጠፋለሁ፣ ደህናውን እነግራታለሁ። ያንን ትናንት እንደገባ አጠፋሁት፤ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። እንዴት አምልጦኝ አየችው?»

«የአካውንቱን የይለፍ ቃል ታውቀዋለች?»

«አታውቀውም፤ ልቤ ለማየት እንዳይከጅል ብላ አስቀየረችኝ። እኔ እንደማነብላት ለባሏም አልነገረችውም፤ ይኼን ከሰማ ሥራውን ተዪ ይለኛል ብላ።»

መርማሪው የሟቿን ቦርሳ ከፈተ። ስልኳ ላይ መልእክቶቹ የሚገቡበት አካውንት የለም። ከሥሩ እቤት ልታርመው የያዘችው የፈተና ወረቀት ታጥፎ ተቀምጧል። ተመልሶ ገባና ሦስቱንም አስቀመጣቸው።

«ልትሞት የወሰነች ሴት የምታርመው ፈተና ይዛ አትወጣም» አለ። «ባሏ ካላንኳኳም በሩን አትከፍትም፤ ስለዚህ ሲያንኳኳ በሕይወት ነበረች። መልእክቱን ደግሞ እሷ አላየችውም። ያየችው ይህች ልጅ ብቻ ናት፤ ወዲያው አጥፍታዋለች። እርስዎ ባሏ ግን ቃል በቃል ደገሙልን። ከአንባቢው ሌላ መልእክቱን የሚያውቅ ማነው? ጸሐፊው ነዋ!»

ባልየው ከወንበሩ ተንሸራተተ።

«እቤት እንድትቀመጥልኝ ነበር የፈለግኩት» አለ። «ደረጃው ላይ ‹ሰው መብራቱን አጠፋለሁ እያለሽ አትፈሪም?› አልኳት። ‹የምን መብራት?› ብላ አፈጠጠችብኝ። ገባት። ልትጮህ ስትል… ገፋኋት።»

ፖሊሶች ይዘውት ሄዱ።

«ታዲያ እኔ አይደለሁማ?» አለች ረዳቷ።

«አይደለሽም እህቴ።»

ያኔ ገና ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ዲኑ አዘነላትና ኮቱን አነሣ።

«ተነሺ ልጄ፣ እስከ ታክሲው ልሸኝሽ። ብቻሽን አትሂጂ።»

ልጅቷ የተዘረጋላትን እጅ አየች፤ ከዚያ ደረጃውን አየች።

«አይ ጋሼ፣ ይቅርብዎት» አለች፤ መደገፊያውን በሁለት እጇ ጨብጣ ብቻዋን ወረደች።