የኦጁሉ ግራ ጉንጭ

እኔ እኮ ሰይጣን ራሱ ቤቴ ቢመጣ መታወቂያ የምጠይቅ ሰው ነኝ፣ የጅኒና የመንፈስ ወሬ ሲነሳ እንቅልፍ ነው የሚወስደኝ፣ ስለዚህ ይሄን የማወራልህ ፈሪ ስለሆንኩ አይደለም፣ ስላየሁ ነው።

ጋምቤላ ገና ክልል በሆነችበት ሰሞን ነው፣ ቢሮዎቹ ወንበር ሳይኖራቸው ማህተም የነበራቸው ጊዜ፣ እኔ እዚያ አስተማሪ ነበርኩ። ኢታንግ ገበያ ከዛገ ሚስማርና ከተሰበረ ቁልፍ መሃል አንድ የሚታጠፍ ምላጭ አገኘሁ፣ የፈረንጆች መርከብ ባሮ ወንዝ ላይ ሲመላለስ ከነበረበት ዘመን የቀረ ነው አሉኝ፣ በባትሪ ድንጋይ ለወጥኩት። ተፈግፍጎ የወጣው ዝገት እመነኝ ለአንድ ክፍል ቤት ጣሪያ ይበቃ ነበር። ነጭ ጋዝ ውስጥ ዘፍዝፌ፣ በአመድና በሎሚ አሽቼ፣ ልሙጥ የወንዝ ድንጋይ ላይ እያገላበጥኩ ስዬ፣ የቀንድ እጀታውን ቫዝሊን ቀብቼ፣ በመጨረሻ የቆዳ ቀበቶ ላይ ሳመላልሰው “ሸው፣ ሸው” እያለ መዘመር ጀመረ፣ የሠርጌ ቀን እንኳ እንደዚያ አልተደሰትኩም። ወደ ክንዴ ሳስጠጋው ፀጉሩ ሳይነካ በድንጋጤ ይረግፍ ነበር።

ጎረቤቴ ኦጁሉ፣ የአንዱ አዲስ ቢሮ ጸሐፊ፣ በማግስቱ ሊያገባ ነው። አማቱ የቤተክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፣ “ፂምህን አንጨባረህ ከመጣህ ልጄን ይዤ እመለሳለሁ” ብለውታል፣ እሱ ደግሞ ተራ ምላጭ ሲነካው ፊቱ የበቆሎ ራስ መስሎ ያብጣል።

“ቲቸር፣ ይሄኛው ቆዳ አያስቆጣም?” አለኝ።

“ይሄኛው ቆዳህን አስተኝቶ ነው የሚላጨው።”

አመሻሽ ላይ፣ ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ፣ በረንዳዬ ላይ አስቀምጬ እስከ ጆሮው አረፋ በአረፋ አደረግኩት፣ ዓይኑን አስጨፈንኩት፣ ቀኝ ጉንጩን “ክርርር” አድርጌ ጨረስኩና በሩ ላይ ወደሰቀልኩት ቀበቶ ዞሬ ስለቱን ማመላለስ ያዝኩ። “ሸው” ስል ከኋላዬ “ክርርር” ይላል። አይጥ ነው አልኩ። እጄን አቆምኩ፣ “ክርርር” ግን አላቆመም፣ ምላጩ ደግሞ እጄ ላይ ነው።

ዞርኩ። ማንም የለም፣ ኦጁሉ ብቻ፣ ግራ ጉንጩ ተላጭቶ እንደተቀቀለ እንቁላል ያበራል፣ የተጠረገው አረፋ የት እንደገባ የለም።

“በዚህ በኩል እንዴት ነው እጅህ የቀለለው?” አለ ዓይኑን ሳይገልጥ፣ “ቀኙን እንደ በግ ነው የገፈፍከኝ። ደግሞ ውሃ ውስጥ ነክረኸው ነው እንዲህ የቀዘቀዘው?”

በጋምቤላ ሙቀት፣ ወዳጄ፣ ቀዝቃዛ እጅ።

“በል አንገቴንም እንዲሁ በቀስታ” ብሎ ጉሮሮውን ወደ ሰማይ ሰጠኝ። አሁን ፊቴን ባዞር ያንን ጉሮሮ የሚነካው ማነው? ልጅቷ ነገ ነጭ ለብሳ ትጠብቃለች። ጀርባዬን ግድግዳው ላይ ለጥፌ፣ ወደ ቀበቶው ዳግም ሳልዞር፣ ተስሎ ባላለቀ ስለት፣ ግራ ቀኝ እየቃኘሁ ላጨሁት፣ ሁለት ቦታ ቆረጥኩት፣ በአኝዋክኛም በአማርኛም ሰደበኝ። ሠርጉ ላይ አንገቱ ላይ የሶፍት ቁራጭ ለጥፎ ቆመ፣ አማትየው ግን ግራ ጉንጩን ዳሰስ አድርገው ሳቁ።

ያ ጉንጭ ከዚያ ወዲህ አንድ ፀጉር አላበቀለም። እሱ በእጄ ሙያ ያሾፋል፣ እኔም አብሬው እስቃለሁ፣ ምን ልበለው? ባለፈው ሰሞን ግን መጥቶ ያው በረንዳ ላይ ተቀመጠ፣ ዓይኑን ጨፈነና፣ “ቲቸር፣ እስቲ ቀኙንም ያ ሰውዬ ይሥራልኝ” አለ።

እኔ ስለማንም ሰውዬ ነግሬው አላውቅም።