ከደመቀች ትከሻ ላይ ያረፈው እጅ

ሟቹ በአንድ የእስራኤል ሆቴል ሦስተኛ ፎቅ፣ በክፍሉ መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ ጫማውን እንዳደረገ ተዘርሯል። ጋዲ የሚባል ነጋዴ ነበር። ጭንቅላቱ ከኋላ ተፈንክቷል። መርማሪው ጀምበሩ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ሶል አየና አፍንጫውን ያዘ። የበሰበሰ ቲማቲምና የዓሣ ውሃ ተለጥፎበታል። ነጩ ወለል ግን አንድም ዱካ የለበትም።

«አንሸራቶት ይሆናል፤ ወይም…» አለ የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ሞሼ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ትናንት ከብሌን ጋር ተጣልቶ ነበር። ትርፍ ቁልፉ ደግሞ እሷ ዘንድ ነው።»

ብሌን እንግዳ ተቀባይ ናት፤ ኢትዮጵያውያን አይሁድ ከሚኖሩበት ከአሚሻቭ ሰፈር የመጣች ልጅ። ጀምበሩ ታች ወርዶ አነጋገራት።

«ምን አጣላችሁ?»

«ክፍሌ ቆሻሻ ይሸታል አለ። ይቅርታ ስጠይቀው ሻዩን ፊቴ ላይ ደፋው። ሞሼ ደግሞ እንደገና ይቅርታ ጠይቂው አለኝ። ጠየቅሁ። ፈገግ በይ አለኝ፤ ፈገግ አልሁ።»

«ዛሬ ጠዋትስ?»

«ከዚህ አልተነቃነቅሁም። ግን ማን ያምነኛል? ልታስሩኝ ነው አይደል?»

ፊት ላይ ሻይ እየተደፋ ፈገግታ የሚታዘዝበት ሥራ! ጀምበሩን አንገሸገሸው።

አስከሬኑን አገኘሁ ያሉት የጽዳት ሠራተኛ፣ ከጎንደር የመጡት አሮጊቷ ደመቀች፣ ግቢው ጥግ ለብቻቸው ተቀምጠዋል። ጀምበሩ ውሃ ሲያቀብላቸው እጃቸውን ሰበሰቡ።

«መሬት ላይ አስቀምጠው፣ ልጄ።»

ብሌን እያለቀሰች ልታቅፋቸው ስትመጣ «አትንኪኝ!» ብለው ሸሹ።

«እትዬ ደመቀች፣ ሬሳውን ነክተውታል?»

«ኧረ እኔ ከበር ሆኜ ነው ያየሁት።»

ሞሼ መጣና ትከሻቸው ላይ እጁን ጣል አደረገ። «በሰደር፣ እሺ፣ ደክሟታል። ያላ፣ በይ ደመቀች፣ ወደ ቤትሽ ሂጂ።» አሮጊቷ ንቅንቅ አላሉም።

ጀምበሩ የሠራተኞቹን ደረጃ ፈተሸ። ከሥሩ የተቀደዱ የቆሻሻ ከረጢቶች ተከምረው የዓሣ ውሃ ያንጠባጥባሉ። የደረጃው ብረት ተወልውሏል፤ ስንጥቁ ውስጥ ግን ደም ቀርቷል። ሦስቱንም ምግብ አዳራሽ ሰበሰባቸው።

«ጋዲ የሞተው ቆሻሻው ዘንድ ነው» አለ። «በእግሩ ወደ ክፍሉ ቢገባ ኖሮ ዱካው ይታይ ነበር። ተሸክመው ነው ያስገቡት። ከባድ ሰው ነው፤ ሁለት ሰው ይፈልጋል። አንዷ እትዬ ደመቀች ናቸው።»

«ውሸት ነው!» ብላ ጮኸች ብሌን።

«በእኛ በቤተ እስራኤል ዘንድ ሬሳ የነካ እስኪነጻ ድረስ ከሰው አይነካካም። ለዚህ ነው ከእኔም ከአንቺም የሸሹት። አብረሻቸው ተሸክመሽ ቢሆን ኖሮ ያቅፉሽ ነበር። ሲነካቸው ዝም ያሉት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም እንደ እሳቸው ሬሳ መንካቱን ያውቃሉ።»

ሁሉም ወደ ሞሼ ዞሩ።

«ይሄ የሽማግሌዎች ወሬ ነው!» አለ ሞሼ። «እኔ እዚሁ እስራኤል ነው ያደግሁት፤ እንዲህ ያለ ነገር አላውቅም።»

«ብታውቅማ ትከሻቸውን ባልነካህ ነበር። እትዬ፣ ዝም ካሉ የምትታሰረው ብሌን ናት። ጥፋቱን በእሷ ነው ያሳበበው።»

ደመቀች ቀና አሉ። «ዝም ብልም ከሰሳት? ራሱን ስቶ ነው፣ ወደ ክፍሉ እናውጣው ብሎኝ እኮ ነው። እግሩን ስይዘው በድን ነው። ብትናገሪ ብሌንን አሳስራታለሁ አለኝ።»

ሞሼ ወንበሩን ገፍቶ ተነሣ። «በኢንተርኔት አንድ ኮከብ ብቻ እሰጣችኋለሁ፣ አንተንም አስባርርሃለሁ አለኝ። ሽታው ከየት እንደሚመጣ ላሳየው ወሰድሁት። እዚያም ሰደበኝ፤ ገፋሁት። ልገድለው አይደለም!»

«መግፋቱስ ይሁን» አሉ ደመቀች፣ ፊታቸውን አጨፍግገው። «ሬሳ ተሸክመህ በዚያው እጅህ ለእንግዶቹ ዳቦ ቆረስህ፣ ለዚችም ልጅ አጎረስሃት። እጅህን እንኳ አልታጠብህ።»

ብሌን አፏን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ውጭ ሮጠች።